የመመረቂያ ጽሑፍና የዕውቀት አማና

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬውን ርእስ ያስመረጠን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። «ሪሰርቹን የሚሠራልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ብር ላኪልኝ» ብሏቸዋል። እናታችን ብሩን ማግኘት አልቸገራቸውም። የቸገራቸው ሌላ ነው፤ «የልጄን ጽሑፍ ሌላ ሰው ከጻፈው ዲግሪው የማን ነው? ብሩን ብልክስ ወንጀሉ ይደርሰኛል ወይ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቶች በርና በስልክ እንጨት ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች ተለጥፈው እናያለን። «ማማከር» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚሸፍን የለጠፈውም የሚያነበውም ያውቃል።

ቀጥተኛ መልሱን አስቀድመን እንስጥ። ሌላ ሰው የጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ በራስ ስም ማስረከብ ማታለል ነው። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ የሚሰጠው ሥራውን ተማሪው ሠርቶታል ብሎ ነው። ተማሪውም ጽሑፉ የራሱ መሆኑን በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ በፊርማው ያረጋግጣል። ስለዚህ ከማታለሉ ሌላ የውሸት ምስክርነትም አለበት ማለት ነው። እያወቀ የሚከፍል ወላጅ ደግሞ በወንጀልና ወሰን በማለፍ ላይ እንዳንተባበር በሱረቱል ማኢዳ የታዘዝነውን ማሰብ ይኖርበታል። እናታችን ብሩን መላክ የለባቸውም። ከመላካቸው በፊት መጠየቃቸውን ግን አላህ ይውደድላቸው።

ይህ ግልጽ የሆነው በር ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚገቡት ግን በሌላኛው በር ነው። ለማንም ብር አይከፍሉም፤ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ራሳቸው ይጽፋሉ። ከአንድ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ፣ ከኢንተርኔት ሁለት ገጽ፣ ከቀድሞ ተመራቂ ጽሑፍ ደግሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወስዱና ያያይዙታል። ሲጠየቁ «እኔ እኮ ለፍቼ ነው ያዘጋጀሁት» ይላሉ። ውሸታቸውን አይደለም፤ ለፍተዋል። ከታች ክፍል ጀምሮ «ከመጽሐፉ አውጥታችሁ ጻፉ» እየተባሉ ነው ያደጉት። በደንብ የገለበጠ ሙሉ ማርክ ሲያገኝ አይተዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ያ የተሸለሙበት ነገር ስርቆት ይባላል። ፈረንጆቹ «ፕላጃሪዝም» የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጆቹን ከመውቀሳችን በፊት ማን አስተማራቸው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን የእህል ክምር ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩና እጃቸውን አስገቡበት፤ ጣቶቻቸው እርጥበት አገኙ። ሻጩን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ቀጥለውም ያታለለ ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ።

እዚህ ሐዲሥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውየውን እህልህን ይዘህ ከገበያ ውጣ አላሉትም። እርጥብ እህልም ይሸጣል፤ ገዢው አይቶና አውቆ በዋጋው ይገዛዋል። የተወገዘው መደበቁ ነው። የሰው ሐሳብ ወስዶ መጻፍም እንዲሁ ነው። ከቀደሙት ሳይወስድ የጻፈ ዓሊም የለም። ወስደህ ከሆነ ከላይ አድርገው፣ ሰው ይየው፤ ከማን እንደወሰድክ ጻፍ። ብዙ ተማሪዎች ምንጭ ከበዛ የእኔ ሥራ ያንሳል ብለው ይፈራሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ምንጩን በትክክል የሚጠቅስ ተማሪ ብዙ ያነበበ መሆኑ ይታወቅለታል። ያልተሰጠውን እንደተሰጠው አድርጎ የሚታይን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳስለውታል፤ ይህም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ኡመታችን ይህን ጉዳይ ከዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች አልተማረውም። ዐብዱላህ ኢብኑል ሙባረክ (በ181 ዓ.ሂ. ያረፉት) ኢስናድን ከዲን ቆጥረውታል። ምክንያታቸውም ያለ ኢስናድ ማንም የፈለገውን ይናገር ነበር የሚል ነው። ይህን ንግግራቸውን ኢማም ሙስሊም በሰሒሓቸው መግቢያ ላይ ከነሰነዱ አስፍረውታል። በሀገራችን መድረሳዎችም ቢሆን አንድ ደረሳ አንድን ኪታብ ቀርቻለሁ ሲል ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማን ዘንድ ቀራኸው?» የሚል ነው። የሸኹን ስም መጥራት ያሳፈረው ደረሳ አናውቅም፤ እንዲያውም የሚኮራው በእርሱ ነው።

የሐዲሥ ሊቃውንት የሄዱበት ርቀት ይገርማል። ኢማም ሙስሊም አንድን ሐዲሥ ከሁለትና ከሦስት ሸኾች ሲዘግቡ ቃሉ የየትኛው እንደሆነ ለይተው ይናገራሉ። ከሸኽ አፍ የተሰማ ነገር ለብቻው አባባል አለው። ለሸኹ ተነቦ የተወሰደ ሌላ አባባል አለው። ዘጋቢው ከሸኹ ሳይሰማ በጽሑፍ ብቻ ያገኘው እንደሆነ «ዊጃዳ» ይባላል፤ በእገሌ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ አገኘሁ ማለት አለበት እንጂ ነገረኝ ማለት አይችልም። በቀጥታ ያልሰማውን እንደሰማ በሚያስመስል አነጋገር የሚያቀርብ ደግሞ «ሙደሊስ» ይባላል፤ ሥራው «ተድሊስ» ነው። ከሁሉ የከፋው የሌላውን ዘጋቢ ሐዲሥ ወስዶ የራሱ አድርጎ የሚያቀርበው ነው። የዘጋቢዎችን ሁኔታ የሚመረምሩት ሊቃውንት እንዲህ ዓይነቱን «ሐዲሥ ይሰርቃል» ብለው በስሙ ፊት ለፊት ጽፈውበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀበለው የለም።

ሐዲሥን በቃሉ ሳይሆን በትርጉሙ መዘገብስ? አብዛኞቹ ዑለማእ ፈቅደውታል፤ ግን የቃላቱን ትርጉምና የሐሳቡን አካሄድ ለሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ የዘገበም ሰው በመጨረሻው ላይ «ወይም እንዳሉት» የሚል ቃል ይጨምራል፤ ቃሉ የራሱ እንደሆነ፣ ሐሳቡ ግን የሌላ እንደሆነ ማሳወቁ ነው። ዛሬ ተማሪ በራስህ ቃል ጻፍ ሲባል የሚጠበቅበትም ይኸው ነው። መጽሐፉን ፊት ለፊት ዘርግቶ «አስፈላጊ» የሚለውን «ጠቃሚ»፣ «አሳየ» የሚለውን «አመለከተ» እያሉ መለወጥ በራስ ቃል መጻፍ አይደለም። ምዕራፉን አንብብ፤ ገባህ? መጽሐፉን ክደነው። አጠገብህ ለተቀመጠ ጓደኛህ እንደምታስረዳ አድርገህ ጻፈው። ከዚያ መጽሐፉን መልሰህ ክፈትና ትርጉሙን አዛብተህ እንደሆነ፣ ሳታውቀው የጸሐፊው ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገብቶ እንደሆነ ተመልከት። እንዳለ የገባውን በትምህርተ ጥቅስ አጥረው። በራስህ ቃል የጻፍከውም ቢሆን የሐሳቡን ባለቤት ስም ጻፍ። መጽሐፉ ተከድኖ መጻፍ ካቃተህ ያልገባህ ነገር አለ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ማንበብ ነው።

ስለ ተድሊስ ካነሳን አንድ ታሪክ እናውጋችሁ። ባለቤቶቹ ሁለት ታላላቅ ዓሊሞች ናቸው፤ ሁለቱንም አላህ ይዘንላቸው። አንደኛው ኢማም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ (በ911 ዓ.ሂ. ያረፉት) ናቸው። ሌላው የሰሒሕ አል-ቡኻሪን ማብራሪያ «ኢርሻድ አስ-ሳሪ»ን የጻፉት ኢማም አል-ቀስጠላኒ (በ923 ዓ.ሂ. ያረፉት) ናቸው። ዐብዱልቃዲር አል-ዐይደሩስ «አን-ኑር አስ-ሳፊር» በተሰኘው ኪታባቸው እንዳወሱት፣ ሱዩጢ ቀስጠላኒን ከኪታቦቼ ይወስዳል፣ ስሜን ግን አይጠራም ብለው በሸይኹል ኢስላም ዘከሪያ አል-አንሷሪ ፊት ከሰሷቸው ተብሏል። ማስረጃ ሲጠየቁ ሱዩጢ ያቀረቡት እንዲህ የሚል ነው፦ ቀስጠላኒ በዚህና በዚያ ቦታ ከበይሀቂ ጠቅሷል። በይሀቂ ብዙ ኪታቦች አሏቸው፤ ከየትኛው እንዳገኘው ይንገረን። በይሀቂን አላየም። ያየው የእኔን ኪታብ ነው፤ እኔ ከበይሀቂ የጠቀስኩትን ነው እንዳለ የወሰደው። ሱዩጢ ከበይሀቂ ጠቅሷል ማለት ነበረበት።

አስተውሉ፤ ክሱ ምንጭ አልጠቀሰም የሚል አይደለም። በይሀቂ ተጠቅሰዋል። ክሱ ያላየውን ምንጭ እንዳየ አድርጎ ጠቅሷል ነው። ዛሬ በየመመረቂያ ጽሑፉ የሞላው ይህ ነው። ተማሪው አንድ የአማርኛ ወይም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብቻ አንብቦ፣ እዚያ ውስጥ የተጠቀሱትን ሃያ መጻሕፍት ሁሉ ያነበባቸው አስመስሎ ይደረድራል። ትክክለኛው ግን ያየኸውን መናገር ነው፤ «እገሌ እንዲህ ማለቱን እገሌ በዚህ መጽሐፉ ጠቅሶታል» ትላለህ፣ ገጹም ያየኸው መጽሐፍ ገጽ ይሆናል።

የታሪኩ ፍጻሜ ያሳዝናል። ቀስጠላኒ የሱዩጢን ልብ ለማለስለስ ከካይሮ ተነስተው ሱዩጢ ወደሚኖሩበት ወደ ረውዳ ባዶ እግራቸውንና ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ሄደው በር አንኳኩ ይባላል። ሱዩጢ ይቅር ብያለሁ አሉ፤ በሩን ግን አልከፈቱም። ለፍትሕ ያህል ይህንም እንጨምር፤ ሱዩጢን ራሳቸውን አስ-ሰኻዊ በተመሳሳይ ነገር ከሰዋቸዋል። የዘመን ጓደኛሞች ዓሊሞች እርስ በርስ የተናገሩትን በጥንቃቄ መውሰድ የሊቃውንቱ መንገድ ስለሆነ ማን ትክክል ነበር በሚለው አንገባም። የሁለቱም ወገን ክርክር ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ የሰው ቃል ያለስሙ መውሰድ ነውር መሆኑ ላይ አልተለያዩም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንሻገር። ምንጭ በትክክል ተጠቅሶም ጽሑፉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለ ክርክር ሥርዓት የጻፉ ዑለማኦቻችን ያስቀመጡት አንድ ሚዛን አለ። ተናጋሪ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ናቂል ነው፣ ማለትም የሌላውን ቃል ያስተላልፋል፤ ወይም ሙዳዒ ነው፣ ማለትም የራሱን አቋም ያቀርባል። ናቂሉ የሚጠየቀው ያስተላለፈው በእርግጥ ተብሎ እንደሆነ ነው፣ የት ተባለ? ሙዳዒው የሚጠየቀው ደሊል ነው፣ ማስረጃህ ምንድን ነው? እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በዚህ ሚዛን አስቀምጠው። አንተ ናቂል ከሆንክ ምንጩን ጻፍ። ሙዳዒ ከሆንክ ማስረጃውን አምጣ። የጽሑፍ ሌባ ናቂል ሆኖ ሳለ የሙዳዒን ልብስ የለበሰ ነው፤ ለዚህም ነው በመከላከያው ዕለት ፈታኝ «ለምን?» ሲለው አፉ የሚያያዘው። ቃሉ የእርሱ ስላልሆነ ማስረጃውም ከእርሱ ጋር የለም።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እህታችን ስለ ወለድ አልባ ባንክ ልትጽፍ ነው እንበል። የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሯ «የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባንኮች የወለድ አልባ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ የሚያስችል መመሪያ አወጣ፤ በ2019 ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ» ይላል። እዚህ ላይ ናቂል ናት፤ መመሪያዎቹን መጥቀስ ይበቃታል። ዘምዘም ባንክ በ2021 ሥራ ጀመረ ስትልም እንዲሁ። ቀጥላ ግን «ሙስሊሞች ባንክ የማይጠቀሙት በወለድ ምክንያት ነው» ብላ ትጽፋለች። አሁን ሙዳዒ ሆናለች። ብዙዎቻችን ይህን ዓረፍተ ነገር ሰምተን ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ምክንያቱም ደስ ይለናል። ደስ ማለቱ ግን ማስረጃ አይደለም።

የኡሱል ሊቃውንት የአንድን ሕግ ዒላ፣ ማለትም ምክንያት፣ ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት «ሰብር ወተቅሲም» የሚባል መንገድ አለ። ምክንያት ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ትዘረዝራለህ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየፈተንክ የማይሆነውን ታስወጣለህ። እህታችንም እንዲህ ታድርግ። አንድ ሙስሊም ገበሬ ባንክ የማይጠቀመው ወለድን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። የባንክ ቅርንጫፍ የግማሽ ቀን መንገድ ስለሚርቅ ሊሆን ይችላል። የሚያስቀምጠው ትርፍ ብር ስለሌለው፣ ወይም ማንበብና መጻፍ ስላልቻለ፣ ወይም ሀብቱን በከብት ማኖር ስለለመደ ሊሆን ይችላል። ታዲያ በምን ትለያቸዋለች? ቅርንጫፍ በቅርብ ያላቸውን ሙስሊሞች ለብቻ ትጠይቅ። በዚያው ቀበሌ ያሉ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውንም ትጠይቅ፤ እነርሱም በተመሳሳይ መጠን ባንክ የማይጠቀሙ ከሆነ ምክንያቱ ወለድ ብቻ ሊሆን አይችልም። የወለድ አልባ መስኮት ከተከፈተ በኋላ የመጡ አዲስ ደንበኞችን ቀድሞ ለምን እንዳልመጡ ትጠይቅ። መጠይቁንም «ወለድ ሐራም ስለሆነ ነው አይደል?» ብላ አትክፈት፤ መልሱን በአፋቸው ያስቀመጠችላቸው ይሆናል።

ይህን ሁሉ ሠርታ ውጤቱ «ወለድ አንዱ ምክንያት ነው፤ በከተማ ይጎላል፣ በገጠር ግን ርቀት ይበልጣል» የሚል ሊሆን ይችላል። ካሰበችው ያነሰ ይመስላል። ይህን ግን ማንም ተከራካሪ በቀላሉ አይንደውም። ለእምነታችን የሚጠቅም መስሎን ከማስረጃው በላይ ማጋነን እምነቱን አይረዳም። ሱረቱል ኢስራእ ዕውቀቱ የሌለንን ነገር እንዳንከተል ሲያስጠነቅቀን ለእኛ የሚመቸንን አልለየም።

የተቃራኒን ሐሳብ ማቅረብም የዚሁ አማና ክፍል ነው። ኢማሙ ሻፊዒይ «አር-ሪሳላ»ን ሲጽፉ ጠያቂና ተቃዋሚ እያናገሩ፣ ጥያቄውን በሙሉ ኃይሉ እያስቀመጡ ነው የመለሱት። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ. ያረፉት) ፈላስፎችን በ«ተሃፉት» ከመሞገታቸው በፊት «መቃሲድ አል-ፈላሲፋ» በተባለው ኪታብ ሐሳባቸውን አስረድተዋል። ማስረዳታቸው ከመጥራቱ የተነሳ ኪታቡ ወደ ላቲን ሲተረጎም አውሮፓውያን ገዛሊን ራሳቸውን ከፈላስፎቹ እንደ አንዱ ቆጠሯቸው። በእኛ ዘመን ጽሑፎች፣ የዳዕዋ ጽሑፎችንም ጨምሮ፣ ተቃራኒው እንደ ሞኝ ተስሎ በአንድ መስመር ሲወድቅ እናያለን። እንዲያ ያለ ድል ያሸነፈው ማንንም አይደለም።

ስለ ኮምፒውተሩም ትንሽ እንበል። ቻትጂፒቲ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ገንዘብ ከፍሎ ማስጻፍ የቀረላቸው ብዙ ተማሪዎች አሉ። አንድ ጥያቄ ጽፈው ገጾች ይወጡላቸዋል። በእነዚህ ፕሮግራሞች ቋንቋን ማረም ወይም ያልገባን ነገር መጠየቅ አማካሪው እስከፈቀደ ድረስ ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የጻፈውን በራስ ስም ማስረከብ ግን ከተከፈለው ሰው ጽሑፍ አይለይም። ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ምንጭ ሲጠየቅ የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲው፣ ከነዓመቱና ከነገጹ ፈጥሮ ሊያቀርብ ይችላል። የሐዲሥ ሊቃውንት ለዚህ ስም አላቸው፤ ሰነድ የተፈበረከለትን ንግግር «መውዱዕ» ይሉታል። መጽሐፉን በዓይንህ ሳታይ ስሙን አትጻፍ። አንዳንዱ ተማሪ ደግሞ እንደ ተርኒቲን ያለው መመርመሪያ ዝቅተኛ ቁጥር ካሳየለት ነጻ የወጣ ይመስለዋል። መመርመሪያው የሚያየው የቃላት መመሳሰልን ነው። ከእንግሊዝኛ ወይም ከዐረብኛ ተተርጉሞ የገባ ምዕራፍ ሊያመልጠው ይችላል፤ የተሰረቀ ሐሳብም እንዲሁ።

ትርጉምን ካነሳን ዘንዳ ወደ ራሳችን ቤትም እንመልከት። አንድን የዐረብኛ ኪታብ ወይም መጣጥፍ ወደ አማርኛ መልሶ ሽፋኑ ላይ «ዝግጅት፦ እገሌ» ብሎ ማሳተም በእኛ ኢስላማዊ ኅትመቶች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የዋናው ጸሐፊ ስም አንዳንዴ በመግቢያው ውስጥ፣ አንዳንዴ የትም አይገኝም። «ለአላህ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ዕውቀት የሁሉም ነው» ይባላል። ዕውቀቱ የሁሉም ሊሆን ይችላል፤ ድካሙ ግን የአንድ ሰው ነው። ኢማም አል-ቁርጡቢ (በ671 ዓ.ሂ. ያረፉት) በተፍሲራቸው መግቢያ ላይ ንግግርን ወደ ተናጋሪው ማስጠጋትን የዕውቀት በረካ አድርገው ቆጥረውታል፤ ይህንንም በኪታባቸው ላይ ግዴታ አድርገው ወስደዋል። ተርጓሚም የራሱ ትልቅ ክብር አለው። «ትርጉም» የሚለው ቃል ለምን እንደሚያሳፍረን አይገባንም። ልጆቻችን ይህን እያዩ ያደጉ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ምን ያድርጋቸው?

በመጨረሻ፣ ነገሩ ያለፈባቸው ወንድሞችና እህቶች ጥያቄ አለ። «ያኔ አስጽፌ፣ ወይም ገልብጬ ተመርቄያለሁ፤ አሁን በዲግሪው ተቀጥሬ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ደመወዜ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ (በ1420 ዓ.ሂ. ያረፉት) በፈተና አጭበርብሮ ሥራ ስለያዘ ሰው ተጠይቀው፣ ካደረገው ማታለል ተውበት ማድረግ እንዳለበት፣ ሥራውን እንደሚገባ የሚሠራ ከሆነ ግን በገቢው ላይ ችግር እንደሌለበት መልሰዋል። ሁኔታው ላይ ልብ በሉ፤ ሥራውን እንደሚገባ የሚሠራ ከሆነ። የጎደለውን ዕውቀት ሳይሞላ የሕሙማንን መድኃኒት የሚያዝ ወይም የሕንፃ ስሌት የሚፈርም ሰው በየቀኑ የሰው ሐቅ ውስጥ ይገባል፤ እርሱ እስኪማር ድረስ ከማይችለው ሥራ እጁን ማንሳት አለበት። ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሌላ ተማሪ እየጠቀሰው እንደሆነ የሚያውቅ ደግሞ፣ ጽሑፉን ዳግም የሚያሳትምበት ወይም በሌላ ጽሑፍ የሚጠቀምበት ቀን ሲመጣ የወሰደበትን ሰው ስም በቦታው ያስገባ። የሐቁ ባለቤት በሕይወት ካለና የሚያገኘው ከሆነ ይቅርታ ይጠይቀው፤ ካላገኘው ዱዓ ያድርግለት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።